ቀለም የሌለው ቀይ ክንፍ

ይድረስ ድሬዳዋ ለምትኖሪው ለእህቴ ለአሰለፈች፤

እህት ዓለም፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ ጋሽ ሰብሃት፣ ልጃችን ሶሲ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡም ደህና ነው፣ ጭቃውም ደህና ነው፣ መብራቱ ብቻ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ይሄዳል። በስልክ ስለ አባባ ስትጠይቂኝ «ደህና ናቸው» የምልሽ አጠገቤ ተቀምጠው ስለሚያዳምጡ ነው። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጆሯቸው የጥንቸል ነው። ስለዚህ እውነቱን በወረቀት ልንገርሽ።

ከፎቶ ቤቱ ሥራ በተረፈኝ ጊዜ የዱር እንስሳት እንደማነሳ ታውቂያለሽ። አንድ ቢሮ ለኤግዚቢሽን ሃያ ፎቶ አዘዘኝና ሁሉም በጥቁርና ነጭ ይሁን አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ ኃላፊው በታላቅ ክብር «ጥበባዊ ነው» አሉ። ጸሐፊያቸው ግን እስከ በር ሸኝታኝ የፕሪንተሩ ቀለም ከጥቁሩ በቀር ማለቁን ሹክ አለችኝ። እንግዲህ ጥበብ የሚወለደው እንዲህ ነው።

ሦስት ቀን ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የጫካችንን ቀለም ገፈፍኩት። ቀላል እንዳይመስልሽ! ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆኑና ወፏ ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋለች፤ አንዱን ማጨለም፣ ሌላውን ማፍካት አለብሽ። ምንም ያልጎደለባት ጉሬዛ ብቻ ናት። እሷ ድሮውንም ለቢሮው በጀት የተፈጠረች ናት።

ወደ አባባ ልመለስ። ሠላሳ ዓመት የማንኪራን ደን የጠበቀውን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ባለፈው ወር ደጃፍ ላይ ቦይ ውስጥ ገቡ፤ እግዜር ጠብቋቸው ክርናቸው ብቻ ተላጠ። «ይህ ቦይ ትናንት እዚህ አልነበረም» አሉ። እማማም የቆፈሩት ራሳቸው አባባ መሆናቸውን አስታወሷቸው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲባሉ ግን «እኔ የማየውን መጀመሪያ እናንተ እዩ» ይላሉ። የሚቀጥለው ቦይ ክርን ብቻ ልጦ እንደማይለቃቸው ሁላችንም እናውቃለን።

እሑድ ዕለት ፎቶዎቹን ይዤ ገባሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ፍቅሩም ነበሩ። አባባ ዓይናቸውን ሊያስመሰክሩ «አምጣ እስቲ» አሉ። ጉሬዛዋን ነጩ ጭራዋ አሳበቀባትና ወዲያው አወቋት፤ ደረታቸው ተነፋ። ቀጥዬ ያችን አረንጓዴ ወፍ ሰጠኋቸው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ የምታሳየዋን። ተንኮሌን ታውቂዋለሽ፤ ጥቁርና ነጭ መሆኗን አልነገርኳቸውም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ቅርጿን ለዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው «እዩት፣ ቀዩን እዩት! እንዴት አድርገህ ያዝከው ልጄ!» አሉ።

ጋሽ ፍቅሩ ሳቃቸው አመለጣቸውና «ወዳጄ፣ ያ ቀይ እኛ ዘንድ አልደረሰም» አሉ። እኔም ሳቅሁ። አባባ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኑረው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ቀይ የለውም?» አሉ ቀስ ብለው። ስንት ዘመን ሙሉ የሚያስታውሱትን ሲነግሩን እኛ የሚያዩትን የነገሩን መስሎን ኖረናል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ ያፈርኩበት ሳቅ የለም።

ጋሽ ፍቅሩ ሲሄዱ አባባ ጠሩኝና «ጅማ ያለው ሐኪም ስንት ቀን ያስተኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ኅዳር ሃያ ስድስት እንሄዳለን። ጨርቁ ከዓይናቸው ሲነሳ መጀመሪያ ባለቀለሟን ወፍ እንዳሳያቸው አስምለውኛል፤ ቀይ ካላዩ እኔንም ሐኪሙንም እንደሚከሱን ዝተዋል። በጸሎት አስቢን።

ጋሽ ሰብሃትን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ሶሲን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እማማ በርበሬው ደርሶሽ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጋሽ ፍቅሩም ሰላም ብለውሻል፤ ከእሑድ ወዲህ በአባባ ዓይን አይቀልዱም። ያችን ጥቁርና ነጭ ወፍ አብሬ ልኬልሻለሁ። አባባ እንዳትሳሳቺ ብለው ጀርባዋ ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈውልሻል። መስመሩ ተጣሟል፣ ፊደል ፊደል ላይ ወጥቷል፤ ግን ይነበባል፦ «ክንፏ ቀይ ነው።»

ወንድምሽ አብነት
ቦንጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.