የሐጂ ኢብሮ መኪና ከቀትር በኋላ

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰ.

የመኪናው በሽታ ዛሬም አልተገኘም። ነስሩ ካንዴላዎቹን ለወጠ። ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹን። ከዚያ የቤንዚን ፓምፑን ፈታ፣ አጠበ፣ መለሰ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ሐጂ ኢብሮ ግን መጥቶ ይጮኻል። «ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስመለስ ይቆራረጣል፣ እንደታመመ ግመል ይስላል» ይላል። ይህን አሮጌ የጀርመን መኪና ከልጆቹ አብልጦ ይወደዋል። እሁድ ሙሽራ ልጁን በዚሁ መኪና ሐረር ያደርሳል። የደንገጎን ዳገት መውጣት ካቃተው ጉድ ነው።

ስማኝ ደብተር። የምለውን የምትጽፍብህ ልጄ ፈቲያ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ነስሩ ባሏ ነው። ጋራዡን ስጠው፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ እያለች ነዘነዘችኝ። ይህን መኪና ካዳነ የጋራዡን ቁልፍ እሰጠዋለሁ አልኩ። ሲያቅተው ለማየት ነው ያልኩት። ይህንንም ጻፊ አልኳት። ጻፈች። አስነበብኳት።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ፣ ከእራት በኋላ

አገኘሁት!

ከቀትር በኋላ ጋራዡ ባዶ ነው። ሁሉም በርጫ ላይ ጫት ይቅማል፣ ነስሩም። እኛ ዘንድ መኪና የሚፈታው ጠዋት ነው፣ የሚሞከረውም ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ጫት እንጂ ሞተር የለም። እኔ ጥርስ የለኝም፣ ሐኪሙም ከልክሎኛል። ብቻዬን ተቀምጬ ላቤን እጠርጋለሁ። ሲሰለቸኝ የሐጂን ሞተር አስነሳሁት። ፀሐዩ ኮፈኑን አግሎታል፣ እጅ አያስነካም። ትንሽ ሠራ። ተደናቀፈ። ተመለሰ። ደግሞ ተደናቀፈ። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ኮይሉ ነው፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው። ሲግል ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። አለቀ።

እነዚያ ፍየሎች ቅጠላቸውን ሲያመነዥኩ ሐጂ በፀሐይ ይነዳል። አንዱም ይህን አላሰበም!

ነስሩ ሲመጣ ነገርኩት፦ በሽታውን አውቄዋለሁ፣ አልነግርህም። በርጫ ቤት፣ ሰው ፊት፣ ጉልበቴን ስመህ ጠይቀኝ። ፊቱ ደም መሰለ።

«አባ፣ ራሴ አገኘዋለሁ።»

«ታገኘዋለህ፣ እኔ ከተቀበርኩ በኋላ» አልኩት።

ፈቲያ ሳትበላ ተነሳች። ትነሳ።

ግንቦት 7፣ ዓርብ፣ 11 ሰ.

ነስሩ መጣልኝ።

ሐጂ ጠዋት መኪናውን ሳቢያን ላለ ጋራዥ እሰጠዋለሁ ብሎ ሲጮኽ ነው የተሰበረው። ፈቲያም ለምናዋለች። አውቃለሁ። ይህን ስትጽፍ ቀና ብላ አታየኝም።

በርጫው ሞቋል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ነስሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ ንገረኝ አለ። አልሰማሁም አልኩ። ደገመው። ጥግ ያሉት ሽማግሌ ጆሯቸው ከባድ ነው፣ እሳቸውም ይስሙ አልኩ። ሰው ሳቀ።

«አቦ ተወው እንጂ!» አለኝ አንዱ።

«አንተ ቅጠልህን ብላ።»

ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ኮይል ነው አልኩ። ጣፈጠኝ፣ ደብተር። ጥርስ ኖሮኝ ከቃምኩት ጫት ሁሉ በላይ ጣፈጠኝ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ኮይሉ ከታይዋን ገበያ ተገዝቶ ገባ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጸጥ ብሎ ይሠራል። አስረክብ አልኩ። ነስሩ እስከ ቀትር እንቆይ፣ ግሎ እንየው ይላል። ወሪያ፣ አንተ ልጅ! የእኔን ቃል በፀሐይ ልትፈትን? ጎረቤት እስኪወጣ ሰደብኩት። አስረከበ።

ያው ዕለት፣ 10 ሰ.

ስልክ። ሐጂ ለነገው ልሞክረው ብሎ ቤተሰቡን ጭኖ ወጥቷል። ደንገጎ ዳገቱ መሀል መኪናው ስሎ ስሎ ጠፋ። ሚስትየዋ፣ ሙሽራዋ፣ ሁሉም መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ነስሩ በርጫውን ጥሎ በሚኒባስ ወጣ። እኔ የተገዛው ኮይል ብልሹ ነው አልኩ።

ግንቦት 9፣ እሁድ፣ 12 ሰ.

ሽቦ ነው። ከጭስ ማውጫው ጎን የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ። ልባሱ በእርጅና ተሰነጣጥቋል። ሲግል ረግቦ ብረቱን ይነካል፣ ሞተሩ ይደናቀፋል። ነስሩ እዚያው ዳገት ላይ፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ ጣቱን እያቃጠለ አገኘው። ጠቀለለው፣ ከሙቀቱ አርቆ አሰረው። ሙሽራዋ ዛሬ በጡሩምባና በእልልታ ሐረር ገባች።

ሐጂ ደውሎ አመሰገነኝ። እኔን! ነስሩ ምን ብሎታል መሰለህ፦ አባ ያለው ልክ ነበር፣ ኮይሉን ሳስር ሽቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በርጫ ቤትም ይህንኑ ተናግሯል። እውነቱን የማያውቅ የለም። ያመኑ መሰሉ። ስገባ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ትራስ አቀበሉኝ። እንደ በሽተኛ።

ቢሰድበኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ቁልፉን እሰጠው ነበር። ጉልበቴን ሳም ቢለኝ እንኳ ወንድ ነው እል ነበር። አዘነልኝ። ያ ልጅ፣ እኔ ካቻቢቴ ያስያዝኩት፣ አዘነልኝ።

ፈቲያ መኪናው ድኗል፣ ቃልህ ነው አለች። ቃሌን የማውቀው እኔ ነኝ። ጻፊ። ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ነስሩ ነገ ዕቃውን ይሰብስብ። አንቺም ከፈለግሽ ተከተይው። ይህንንም ጻፊ። ምን ታዪኛለሽ? እጅሽ ለምን ቆመ? ብዕሩን አታስቀምጪ። የምናገረው እኔ ነኝ። ጻፊ፦ ሰኞ ጠዋት ነስሩ ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ…