ለጀሚል መኪና ማርሚታ ስንመርጥ

የካቲት 26

ሐሙስ። ቂርቆስን ተሳልሜ ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ታክሲ መጣ። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ተቀዷል። በየድኩለት፣ ሄደ። ከዚያ ቁጭ። በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ግማሹ በኮረንቲ የሚሄድ ሆኗል። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። እንዲህ ያለውን ምኑን ልበይድለት? አርባ ሁለት ዓመት የያዝኩት ሙያ...

አምሳለ ደወለች። ልጄ ናት፣ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፣ በእኔ ወጥታ። የጆሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልህ አለች። ሁለቴ አስደገምኳት መሰለኝ። መስመሩ ነው አልኳት። ቂርቆስ ውስጥ የሚያፈስ ማርሚታ መንገድ ተሻግሮ በጆሮው የሚለየው ማነው? እኔ ነኝ። ጆሮዬን ሐኪም ሊያስተምረው ነው?

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያነበው። የግራው ከሄደ ቆይቷል። የቀኙም... እንጃ። ሚስቴ ጀማነሽ በሕይወት ብትኖር ሳልነግራት ታውቅብኝ ነበር። ከሞተች አምስት ዓመት ሆነ። ለእሷ የማወራውን ነው እዚህ የምጭረው። ፊደሉንም ያኔ በመሠረተ ትምህርት አንድ ክፍል ተቀምጠን ነው የተማርነው። እሷ ቶሎ ገባት።

የካቲት 28

የጦይብ ልጅ ጀሚል መጣ። ጦይብ ነፍሱን ይማረውና ካዛንቺስ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ የወሎ ሰው ነው፣ ወዳጄ ነበር። ልጁ መኪና ይዞ መጣ። ጀርመን ሠራሽ። ቁመቱ የጂፕ፣ አሯሯጡ የእሽቅድምድም ነው አለኝ። ኮፋኖውን ከፈተልኝ። ስምንት ሲሊንደር። ስንት ዓመት መኪና ሥር ተኝቼ እንዲህ ያለ ሞተር አላየሁም።

የፋብሪካው ማርሚታ ዝጎ ተበስቷል። በምትኩ ከውጭ ያስመጣውን ዘረጋልኝ። የኋለኛው የተሠራበት ቲታኒየም ይባላል። ላነሳው ወገቤን አጥብቄ ጎንበስ አልኩ... በሁለት ጣት ተነሳ። እንደ መሶብ ክዳን። ደጋግሜ አነሳሁት። ብረት ሆኖ ክብደት የሌለው ነገር ፈጣሪ የት ደብቆት ኖረ?

የሚመረጠው መሃለኛው ነው። ሦስት አምጥቷል። አንዱ ባዶ ቀጥ ያለ ቱቦ። አንዱ ትንሽ ማፈኛ ሣጥን ያለው። አንዱ ትልቅ ሣጥን ያለው። አባቴ ስለ እርስዎ ‘ጋሽ ቀለመወርቅ ሰምቶ እሺ ካለ በቃ’ ይል ነበር አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ቀጠለና የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው ግን አፍራህ ናት አለ። ሚስቱ ናት። የመኪናው ግማሽ በእሷ ስፌት የተገዛ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም።

“ማርሚታ የሚመረጠው በጆሮ ነው” አልኩት።

“እሱን ለእሷ ይንገሯት ጋሼ። እኔ ሞክሬ ተሸንፌያለሁ።”

ሻይ ልበል ብል ጾም ነው። ለካ እኔም ጾም ነኝ። ሁለት ጿሚ አንድ ቱቦ ከበን ተቀመጥን።

ሲሄድ ተናደድኩ። መስማት የማትችል ሴት እኔን ልታርመኝ?

የካቲት 30

አፍራህ መጣች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ አያርፍም።

ሦስቱንም በብሎን ብቻ እያሰርኩ አስነሣን። መጀመሪያ ባዶውን። የሱቄ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ጎረቤት ወጣ። ጀሚል ጥርሱ አልከደን አለ። ይሄ ነው አልኩ እኔም።

እሷ ከኋላ ተቀምጣለች። አንድ መዳፏ የፊት ወንበር ላይ፣ አንዱ መስታወቱ ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና። በጣቷ ጨምር፣ ቀንስ ትለዋለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ አስቆመችውና መንጋጋዋን ያዘች። የእጅ ቋንቋዋን ጀሚል አስተረጎመልኝ። እዚህች ላይ ጥርሴን ይቆፍረኛል፣ ኮምቦልቻ ድረስ እንዲህ ከሆነ በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ለዒድ እናቷ ጋ ሊሄዱ ነው። ሙሉ ቀን መንገድ።

ምንም የለም ልል ስል ጀሚል ራሱን ነቀነቀ። “እውነቷን ነው ጋሼ። ማለቴ... አለ። እምምም የሚል። ወድጄው ነው ያልሰማሁት።”

ትልቁ ሣጥን ሲገባ ደግሞ ሞተሩን አሞታል አለች። ትንሹ ሲገባ ዓይኗን እንደጨፈነች ቆየች። ከዚያ ጎትታ አስገባችኝና እጄን ወንበሩ ላይ ተጫነችው።

ምን ብዬ ልጻፍ? ስምንቱም ተራቸውን ጠብቀው ሲመቱ በመዳፌ መጡ። አንዱ ሌላውን ሳይገፋ። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ድምፅ ነው ስል የኖርኩት ስምንት ኖሯል።

የት ተማረችው ብዬ ጀሚልን ጠየቅኩ። ስፌት ቤቷ አምስት የስፌት መኪና አለ፣ ጠረጴዛውን ነክታ የየትኛው መርፌ እንደደነዘ ታውቃለች አለኝ። ለድምፅ ጆሮ ብቻ ነው በሩ ያልኩት ማን ነግሮኝ ነው?

ትንሹ ሣጥን ተመረጠ። መራጯ እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።

መጋቢት 2

ገጠምኩ። ቲታኒየም ከብረት ጋር አይበየድም። ጀሚል አብሮ የመጣውን ወረቀት አነበበልኝ። መጋጠሚያው ላይ ጭስ እንዳያፈስ ከዕቃው ጋር የመጣው ቀለበት ይግባ ይላል። አያስፈልግም አልኩ። በብረቱ በኩል ቱቦውን የሚያቅፍ የራሴን ከንፈር በይጄ አጋጠምኩት። ወረቀት ማርሚታ በይዶ አያውቅም።

ብየዳዬ አማረ። አስነስቼ አዳመጥኩ። ንጹሕ።

መጋቢት 3

ሞከርነው። በመስቀል አደባባይ፣ በኡራኤል፣ ወደ ካዛንቺስ። ካዛንቺስ ስንደርስ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። የጦይብ ሱቅ የነበረበት ፈርሶ ሣርና መብራት ሆኗል። መንገዱ ባዶ ሲሆን ጀሚል ረገጠው... ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

አፍራህ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ነበረች። ስንመለስ ከቀኝ እግሯ ሥር ወለሉን ጠቆመች። ከሥር የሚነካካ ነገር አለ ትላለች አለኝ ጀሚል። እሱ ከመንገዱ ጫጫታ አልለየውም።

“የለም” አልኩ። “የአርባ ሁለት ዓመት ጆሮዬን እግሯ ሊያርመው ነው?”

ይቺን አላስተረጎመላትም። አያስፈልጋትም ነበር። ፊቴን አየች።

“እርስዎ የለም ካሉ በቃ” አለ ጀሚል። እሑድ ይነሣሉ።

ብሎኑን ደግሜ ላጥብቅ ብዬ መኪናውን አስቀረሁት። ለምን አስቀረሁት? ብሎኑማ ጠብቋል...

መጋቢት 4

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ሞተሩ ቀዝቃዛ። ቀዳዳ ካለ እንዲያሳብቅ ጭሱ የሚወጣበትን በጨርቅ ወትፌ አስነሣሁና ሥሩ ገባሁ። ደህናውን ጆሮዬን መጋጠሚያው ላይ አስጠጋሁ። ምንም። ንጹሕ።

ቱቦው ሳይግል መዳፌን አደረግሁ።

ፉ... ፉ... ፉ...

የሕፃን ትንፋሽ። ከብየዳዬ ጫፍ፣ ወደ ላይ፣ ልክ ወደ ወለሉ። እሷ በጠቆመችው ቦታ። ጆሮዬን ሊቃጠል እስኪደርስ አስጠጋሁት። አልሰማሁም። እጄ እየሰማ ጆሮዬ አልሰማም።

እዚያው ተንጋልዬ ቀረሁ። መስታወት ዘግተው ሙሉ ቀን ሊነዱ። ይሄ ጭስ ሰውን አስተኝቶ ነው የሚወስደው። የጦይብን ልጅ። እሷን። በእኔ ብየዳ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልጻፈው። ጠግኜ ዝም ልበል። ማን ያውቃል? ፈታሁት፣ ከንፈሩን ቆርጬ ጣልኩ፣ እንደ ወረቀቱ ቀለበቱን አስገባሁ። መዳፌን አደረግሁ። ምንም። ግን ይሄ መዳፍ ስንት ጊዜ የተቃጠለ ነው፣ እንደ ጫማ ቆዳ ነው። ምንም ቢለኝ ልመነው? ጆሮዬም ምንም ብሎኝ ነበር።

በስሜ ብቻ ልልካቸው አልቻልኩም። ለጀሚል ደወልኩ። ነገ አፍራህን ይዘህ ና አልኩት።

መጋቢት 5

መጡ። መቀመጫ ሰጥቼ እኔ ቆምኩ።

“ያፈስ ነበር” አልኩ። “እሷ ያለችው ቦታ ላይ። እኔ አልሰማሁትም። ጆሮዬ አይሰማም።”

ጀሚል ፊቱ ተለወጠ። “ጋሼ፣ ሚስቴን ይዤ ልነዳው እኮ ነበር” አለ። እውነቱን ነው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ነገራት። እሷ ጀሚልን ትታ እኔን አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ትላለች አለኝ። አራት ጣት አሳየሁ። አራት ዓመት። ለልጄ ያልነገርኳትን።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጀሚል ሞተሩን አስነሣ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወጥታ ሻሿን አጥብቃ፣ ያንን የመሰለ ቀሚስ ለብሳ፣ ከእኔ ጋር መኪናው ሥር ገባች። ቱቦው ስለጋለ ራቅ አድርጋ መዳፏን ዙሪያውን አዞረችው። ቀስ ብላ፣ ከታች፣ ከጎን፣ ከላይ። የቂርቆስን ታቦት እንደሚከተል ሰው መዳፏን በዓይኔ ተከተልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። የለም።

ጀሚል ሲሄድ እጄን ሳመ። አባቱም ተቆጥቶ እንኳ እጄን ሳይስም አይሄድም ነበር።

መጋቢት 7

ትናንት ኮምቦልቻ በሰላም ገቡ።

ዛሬ አንድ ሰው መጣ። በቀኜ ቆመህ ጮክ በል፣ በግራ አልሰማም አልኩት። ቆመ፣ ጮኸ። ማርሚታውን በእጄ የምፈትሸው ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሆነ ነገ ጠዋት አምጣው አልኩት። እሺ አለ። ይኸው ነው? ይህን ነው አራት ዓመት የፈራሁት?

ለአምሳለ ደወልኩ። ቀጠሮውን ያዢው አልኳት። አለቀሰች መሰለኝ። ወይ ሳቀች... በስልክ አልለየሁም።

መጋቢት 11

ዒድ። አምሳለ ምሳ ይዛ መጣች። ጀሚል ፊት በሚያሳየው ስልክ ከኮምቦልቻ ደወለ። እንኳን አደረሳችሁ አልኩ፣ የመለሰው ተቆራረጠብኝ፣ ምን? ምን? ስል አፍራህ ስልኩን ነጠቀችው። በእጇ መኪናው፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ እንቅልፏ... ሁሉም ገባኝ። ስልክ ይዤ “ምን?” ሳልል ካወራሁ ስንት ዓመት ሆነኝ? ያውም ድምፅ ከሌላት ሰው ጋር።

በመጨረሻ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን እፍ እንደተባለባቸው ነገር አንቀጠቀጠች። ሁለት ጊዜ። ወደ እኔ ጠቆመች። ጀሚል ስምዎ ነው አለ፣ መስማት የተሳናቸው ዘንድ ስም እንዲሁ አይሰጥም፣ ለእኔ እንኳ የሰጠችኝ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ክርስትና ከተነሣሁ ወዲህ ስም የሰጠኝ የለም።

እዚህ ልጽፈው ሞከርኩ። በፊደል አይሆንም። ለአምሳለ አሳየኋት። ሳህን ልታጥብ ተነሥታ ከወዲያ ዞረችና በዚያው ስም በእጇ ጠራችኝ።

አቤት አልኩ።