አዲሱ የሸክላ መርፌ

ማሙሽ፣

ወደ ሥራ መሄዴ ነው። እማዬ ምሳዋን በልታ ተኝታለች።

የሸክላ ማጫወቻውን ካርትሪጅ፣ ያን የመርፌ መያዣ፣ ከነመርፌው ቀይሬዋለሁ። ሻጩ ድምፁ ጎላ የሚለውን ሊሰጠኝ ነበር፤ እኔ ግን ያረጁ ሸክላዎቿን እንዳይፍቅባት ብዬ ቀለል ያለውን መረጥኩ። መርፌውን ከያዘው ክንድ ኋላ ያለችውን ማመዛዘኛ እባክህ እንዳትነካት። ትንሽ ከላላች መርፌው ይዘላል፣ ከጠበቀች ድምፁ ይታፈናል። እሷን ሳስተካክል ወገቤ ተቆረጠ።

ትናንት የሸክላው ድምፅ ጥርት ሲል እማዬ ከአልጋዋ ሆና አብራ ዘፈነች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ማሙሽዬ፣ መጣህልኝ?» አለችኝ።

እህቱ ነኝ ብዬ ማረሙ ታከተኝ። «አዎ፣ መጣሁ» አልኳት። እጄን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ሸክላውን ክፈትላት።
ስትጠራህም አንተው አቤት በላት።