ደምመላሽ ሳይፈታ ዋይፋዩን ቀይሪው

ፀዲ፣

ጎረቤላ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። መኪናው ሊወጣ ስለሆነ እየተጣደፍኩ ነው፤ ቀኝ እጄ በጀሶ ታስሮ በግራዬ ነው የምጽፈው።

ትናንት የሆነውን ለፖሊስ እንጂ ላንቺ በደንብ አልነገርኩሽም። ያንቺን ቀይ ጃኬት ለብሼ ስገባ ጥለሽው የመጣሽው ደምመላሽ በበሩ ካሜራ አይቶ አንቺ መሰልኩት። አጥር ዘሎ ገባና ከኋላዬ በብረት ክንዴን ሰበረው። ስወድቅ ፊቴን አየ። አልተወኝም። «የት ደበቅሻት?» እያለ ጎኔን ረገጠኝ። ዘነዘናውን አንስቼ ግንባሩን ባልመታው ኖሮ ይገድለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ያለው ደም አብዛኛው የሱ ነው፤ ማጠብ አልቻልኩም።

ሰኞ በዋስ ሊወጣ ይችላል ብለውኛል። ከዚያ በፊት ራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ አሥር ሰከንድ ተጫኛት። መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ከሥሩ በተለጠፈው የይለፍ ቃል ግቢ። ከዚያ የዋይፋዩንም፣ የራውተሩንም፣ የካሜራውንም ቃል ቀይሪ። የልደት ቀንሽ አይሁን። የሱ ስምም አይሁን።

ዛሬ ጠዋት እስከ ትናንት ከዋይፋዩ ጋር የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ሳይ የሱ ስልክ አለበት። ባለፈው ወር የቀየርኩትን ቃል የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል ሰው ፊት «ልታስገድዪኝ ነበር» ያልኩሽ ሕመሙ ነው።
ግማሹ ሕመሙ ነው።

ብቻሽን አትደሪ፤ አክስትሽ ጋ ሂጂ። አዲሱን ቃል ለማንም አትንገሪ። ደውዬ ብጠይቅሽም፣ ለኔም።

እናናየሁ