ያልሸጥኩት ጊታር

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 1967 ዓ.ም.

ውድ ቢተው፣

እንደምን ከርመሃል? ሐረግስ እንዴት ናት? ከጥጥ ለቀማ ለቤተሰቡ እህል ሊያደርስ የመጣው አሻግሬ፣ ሁለታችሁም በሕይወት እንዳላችሁ ነገረኝ። ይህን ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። አንተ ፊደል ስላልቆጠርክ የሚያነብልህም እሱ ነው። ነውሬን ሌላ ሰው እንደሚሰማው እያወቅኩ እጽፋለሁ። ሐረግም አጠገብህ ተቀምጣ ትስማው።

ክራርህን ይዘህ እኔ ዘንድ መምጣት ስትጀምር፣ "ይህ ድምፅ በሬዲዮ መሰማት አለበት" ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተማ ሥቀህ "ሬዲዮው እኔን በምን አውቆኝ!" ነበር ያልከው። በጊታር አጅቤህ ድምፅህን ቀድቼ ልልክልህ ብዬ፣ ደሴ ወርጄ ጊታርና ቴፕ መቅጃ አየሁ። ርካሽ የሆነም ነበረ፤ ጊታሩ ደህና ይጮኻል፣ ቴፑም ያገለገለ ቢሆንም ይቀዳል። ነጋዴው የውዱን ሣጥን ሲከፍተው ግን የእንጨቱ ወዝ ዓይኔን ያዘው። ለእሱ የአራት ወር ደሞዜ አልበቃም። አንተም "ከዚህ የሚረክስ የለም እንዴ?" ብለህ ጠየቅከኝ። "የለም" አልኩህ። ከጥማድህ አንዱን በሬ የሸጥከው በዚያች ቃል ነው።

የቀዳን ቀን ትዝ ይልሃል? መልሰን ስንሰማው ክራርህ እንደ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ሐረግ በር ላይ ቆማ ሰማችና "መምህር፣ እንዲያው እሱ ራሱ ቢጫወት አይሻልም?" አለችኝ። ሦስታችንም ሣቅን፤ የእኔ ሣቅ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ከዚያ በ65 በልጉ ቀረ። ዘሩ ተበላ። አንድ ጠዋት መጣህና፣ "አራጌ፣ ያንን ዕቃ ሽጠው። እህል እንግዛበት። የአልታዬ እግር አብጧል" አልከኝ። የእኔም ደሞዝ ዘግይቶ ስለነበር ሌላ መላ አልነበረንም። እስከ ወረኢሉ ሁለት ቀን በእግር ሄጄ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባሁ።

ገዢ ጠፋ ብዬ ነበር የነገርኩህ። ገዢ ነበረ፣ ቢተው። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ጊታሩንም ቴፑንም አገላብጦ አየና፣ "መቶ ሃያ ብር። ዘንድሮ ጊታር ማን ይበላል?" አለኝ። የተገዛበትን ዋጋ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ግን ሁለት ኩንታል ማሽላ ገዝቶ የአጋሰሱን ኪራይ ይችል ነበር።

እምቢ አልኩት። ስስት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዋጋ ብሸጠው፣ ስገዛው ጅል እንደነበርኩ በራሴ ላይ መመስከር መሰለኝ። ነገ የተሻለ ገዢ ይመጣል እያልኩ አራት ቀን ከረምኩ። መንገድ ዳር በረሃብ የወደቀውን ሰው እያለፍኩ፣ ጊታሩን አቧራ እንዳይነካው በጋቢዬ ጠቀለልኩት።

ተመልሼ ያንን ውሸት ስነግርህ፣ ትከሻዬን ይዘህ "አይዞህ፣ ደክመሃል" አልከኝ። የእጅህ ክብደት እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

በሳምንቱ ከአገር ወጣችሁ። ልጅህ አልታዬ ወረኢሉ ሳትደርሱ እንዳረፈች የነገሩኝ ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ ይማም ናቸው። "የማስተምራቸው ደረሶቼ ጉድጓዱን ቆፈሩ። እኛ በወጋችን ዱዓ አደረግን፣ አባትየው በወጉ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። እናትየዋ ግን ከአፈሩ ላይ አልነሣ ብላ አስቸገረችን" አሉኝ።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የዘመቱ ተማሪዎች ትምህርት ቤታችን ሰፈሩ። አንደኛው ቤቴ ገብቶ ጊታሩን አነሣና ክሮቹን ነካካ። "መምህር፣ ይሄ እኮ ዋጋውን የሚያወጣ ጊታር ነው!" አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። በማግስቱ ቴፑንም ጊታሩንም ሰጠኋቸው። ስንት እንክፈል ሲሉኝ ዋጋ መጥራት አቃተኝ።

አሁን ስለሚያስቸኩለው ጉዳይ ልንገርህ። ጭሰኝነት ቀርቷል፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ መሬት እየደለደለ ነው። በስብሰባው ስምህ ሲጠራ አንድ ሰው "እሱማ አልቋል፣ ሰርዘው" አለ። ተነሥቼ "አለ! ከነሚስቱ አለ!" ብዬ ጮኽኩ። ከወንዙ ማዶ ጥቁር አፈር አቆይተውልሃል። እስከ መስከረም ካልደረስክ ለሌላ ይሰጣል።

ኑ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሐረግ እኔን እያየች እዚህ መኖር የማትችል ከሆነ፣ "ይሂድ" ብላ በአሻግሬ በኩል ትላክብኝ፤ እናንተ ሳትገቡ እለቃለሁ። "ይቆይ" ካለችም እቆያለሁ። እርሻ አላውቅም፤ ከማሳችሁ ድንጋይ መልቀም ግን አያቅተኝም።

ብቻ መሬቱ እንዳያመልጣችሁ።

አራጌ