ባላጸደቅሁት የክሎክ ለውጥ ላይ የተጻፈው ስሜ

ቀን፦ ግንቦት 19

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «መርምራ አጽድቃለች» ተብሎ ያለፈቃዴ የገባው ስሜ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ቦርዶቻችንን የሚመራው መሠረታዊ ፕሮግራም በሚሠራበት በከርነል ክፍል መሐንዲስ ስሆን፣ ሥራዬ ለፋብሪካ ማሽን የኤሌክትሮኒክ ቦርዶቻችን የሚቀርቡ የክሎክ ለውጦችን መመርመር ነው። ክሎክ የቦርዱ ክፍሎች የሚሠሩበት ምት ነው፤ ምቱ የተቋረጠበት ክፍል ይደነዝዛል። እያንዳንዱ ክሎክ ቁጥር አለው፤ ቀድሞ የተሸጡ ቦርዶችም የሚጠሩት በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ አዲስ ክሎክ ከዝርዝሩ መጨረሻ ይቀጠላል እንጂ መሀል አይሰነቀርም።

2. የክፍል ኃላፊያችን አዲሱን ክሎክ መሀል አስገቡት። ከሥሩ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ተገፋ። የቆዩት ቦርዶች በድሮው ቁጥር ሲጠሩ የሌላ ክፍል ክሎክ እንደሚመጣላቸው ጽፌ መለስኩላቸው። እርሳቸውም ሠራተኛው በተሰበሰበበት ጽሑፌን ድምፃቸውን እንደ ሕፃን አቅጥነው አነበቡት። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ። ለውጡን ግን አላጸደቅሁም።

3. ለውጡ በእኔ ስም ጸድቆ ገባ። ይህን ያወቅሁት ቀጥሎ ከምገልጸው አደጋ በኋላ ነው።

4. ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ድርጅት ሙከራ ክፍል ብረት በሚጨፈልቀው የፕሬስ ማሽን ላይ ሠራተኛ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማሽኑ ላይ የነበረው ቦርድ የቆየ ነው፤ ያን ለውጥ የያዘው አዲሱ ከርነል ተጫነበት። እጅ ሲገባ ፕሬሱን የሚያስቆመው ሴንሰር ክሎኩ ስለጠፋበት «ባዶ ነው» እንዳለ ደንዝዞ ቀረ። ወንድሜ ብረቱን ሊያስተካክል እጁን ሰደደ። ቀኝ እጁን አጣ።

5. ኃላፊው ሆስፒታል ድረስ ሄደው የአደጋውን ሪፖርት አልጋው ላይ አነበቡለት፤ ስሜንም በጣታቸው አሳዩት። ስገባ ወንድሜ «አይተሽው ነው ያሳለፍሽው?» አለኝ። አላሳለፍኩም አልኩት። ነርሷን ጠርቶ እንድታስወጣኝ ለመናት። ቤቱ ከገባም በኋላ በሄድኩ ቁጥር ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ተኝቷል ትለኛለች፤ ድምፁ ግን ከውስጥ ይሰማኛል።

6. ስሜ እንዲነሳ ኃላፊውን ስለምናቸው፣ «ስምሽን ባነሳው እጁ ይበቅልለታል?» አሉኝ። ማረሚያውን እኔው እንድሠራና በዚያው ፕሬስ ላይ እንድሞክረው አዘዙኝ። ሠራሁት፤ ሴንሰሩ ነቃ። ማረሚያው በእርሳቸው ስም ገባ፤ በስብሰባም ተመሰገኑ። ለእኔ የቸልተኝነት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ስሜ ከዚያ ለውጥ ላይ እንዲሰረዝ፣ ማስጠንቀቂያውም እንዲነሳልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እለምናለሁ። ቢሮዎ ሰው ልኮ እውነቱን ለወንድሜ ይንገርልኝ። የሚላከው ማንም ይሁን፤ ኃላፊው ብቻ እንዳይሆኑ። እሳቸው በየሳምንቱ እየሄዱ ይጠይቁታል፤ ሸሚዙን እንኳ ይቆልፉለታል። አሁን ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሳቸው የሚያምነው ሰው የለም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
በከርነል ክፍል የክሎክ ለውጦች መርማሪ