በጫምባላላ ቀን ስለተቆጠሩት የጫሌሶ ነዋሪዎች

ለተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል
የገጠር ሕዝብና ገቢ ጥናት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ሀዋሳ

ክቡርነትዎ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነባለሙያዎችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ዘንድ የታመመ ሰው የሚሄድበት ስለሌለ የጤናን ዋጋ ጠንቅቀን እናውቃለን። ስሜ ሙሴ ካያሞ ይባላል፤ እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር መምህር ነኝ፤ የተወለድኩት ግን ጫሌሶ ነው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ የጫሌሶ ቀበሌ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት በእጥፍ ገደማ እንደጨመረ፣ ገቢውም እንደተመነደገ ሲያበስሩ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ አለማጨብጨቤን እንደ ንቀት እንዳይወስዱብኝ፤ ንቀቴን በጽሑፍ ላቀርብልዎ ፈልጌ ነው። ስለሆነም የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1. ባለሙያዎችዎ ለቆጠራ የመጡት በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሀዋሳ ባጃጅ የሚነዳው፣ ግንበኛው፣ አስተናጋጇ፣ እኔም ጭምር፣ ያን ቀን ወደ ወላጆቻችን ቤት እንደምንገባ የበዓሉን አደባባይ ጉዱማሌን በመኪና መስኮት አይቶ ያለፈ ሰው እንኳ ያውቃል። እናቴ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ተብላ ስትጠየቅ ሁላችንንም ቆጠረች። በበዓል ምድር ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ይሄ እንኳ የዚህ ቤት ሰው አይደለም የምትል እናት እርስዎ ዘንድ ካለች አላውቅም።

2. በጫምባላላ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፤ በየደረሱበትም ይበላሉ። ባለሙያዎችዎ እነዚያኑ ልጆች ባገኙበት ቤት ሁሉ እንደ አዲስ ቆጥረዋቸዋል። የወንድሜ ልጅ ኦሊያድ በዚህ ስሌት የአምስት እናቶች ልጅ ሆኗል። ጥናትዎ የእናቶቻችንን ወላድነት ማድነቁ ስለዚህ አልገረመኝም።

3. የእኔ ደመወዝና የባጃጁ ገቢ ሳይቀር የጫሌሶ ገቢ ተብሏል፤ በማዕዳችን ላይ የታየው ቅቤም «የአመጋገብ መሻሻል» የሚል ማዕረግ አግኝቷል። ያ ቅቤ ለዚያ ቀን ተብሎ ሲጠራቀም የከረመ ነው። ባለሙያዎችዎ ጥቂት ቀን ታግሠው ቢመጡ ኖሮ እኛ ሄደን፣ ቅቤው አልቆ፣ እናቴንና የወንድሜን ሚስት ከልጇ ጋር ብቻቸውን ያገኟቸው ነበር። እውነተኛው ጫሌሶ ያ ነው። ወጣቱ የሚያርሰው መሬት አጥቶ ከተማ ገብቷል፤ የቀሩት አዛውንትና ልጅ የታቀፉ ሴቶች ናቸው። ይህን ለማወቅ የሆቴል አዳራሽ አያስፈልግም ነበር።

4. ጥናትዎን ያነበቡ አለቆች፣ ነዋሪው ከተማ ወርዶ ከፍሎ መታከም ይችላል ብለው አዋላጅ ነርሳችንን ማርያማዊትን ወደ ሌላ ቀበሌ አዛወሯት። የወንድሜ ሚስት ጽጌሬዳ መውለጃዋ ደርሷል። መኪና የሚገባበት መንገድ ለመድረስ ቁልቁለቱን በቃሬዛ መውረድ አለባት፤ የሚሸከሟት ጎልማሶች ግን፣ ባሏን ጨምሮ፣ እዚህ ሀዋሳ ናቸው። እዚያ የሚኖሩት በእርስዎ ጥናት ውስጥ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ከአክብሮት እንዳይመስልዎ፤ ፈርቼ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስለሰጡን ሕዝብና ስለሰጡን ሀብት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሁለቱንም መልሰው ይውሰዱና አዋላጇን ብቻ ይመልሱልን።

በጫሌሶ የተቆጠርኩ፣ በሀዋሳ የምኖር፣ የማስተዋልዎን ጥልቀት ለመግለጽ ቃል ያጠረኝ፣
ሙሴ ካያሞ

ማሳሰቢያ፦ ለመጪው ፍቼ ከነባለቤትዎ ተጋብዘዋል። በእርስዎ ደንብ ያን ቀን ከማዕዳችን የተገኘ ሁሉ ነዋሪ ነውና፣ ያለ አንዳች ማመልከቻ የጫሌሶ ሰው ይሆናሉ። ሰንብተው ድንገት ቢታመሙብን አይጨነቁ፤ ቃሬዛ አለን። የሚሸከሙዎትን ሰዎች ግን ከጥናትዎ ውስጥ ይዘው ይምጡ።